ክብ ነገሮችን ለክቶ ፓይን ማግኘት፦ ከዝግጅት እስከ ግራፍ

በፊዚክስ ላብራቶሪ ከሚሠሩት ሙከራዎች ሁሉ የፓይ ሙከራ ቀላሉ ይመስላል። የክብ ነገር ዙሪያ ይለካል፣ ዳያሜትሩ ይለካል፣ ዙሪያው ለዳያሜትሩ ይካፈላል፣ አለቀ። ሪፖርቶቹ ሲሰበሰቡ ግን አንዱ 3.3፣ ሌላው 3.05 ይዞ ይመጣል። ከዚህ የሚከፋው በሁሉም ረድፍ ላይ 3.14 ተጽፎበት የሚመጣው ነው። በማስመሪያና በክር የተሠራ ሥራ እንደዚያ ወጥ ሆኖ አይወጣም፤ ቁጥሩ ከመልሱ ተነስቶ ወደ ኋላ እንደተሠራ ወዲያው ያስታውቃል።

ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሦስት ቦታ ላይ ነው። ዳያሜትሩ በክቡ መሃል ሳያልፍ ይለካል። የክሩ ውፍረት ይረሳል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የየረድፉ ውጤት ተደምሮ አማካይ ይወጣለታል። ሦስተኛውን ብዙ ተማሪ እንደ ስህተት አይቆጥረውም። እኔ ግን ጥሩ ልኬትን ሳይቀር የሚያበላሸው እሱ ነው እላለሁ፤ ለምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ በቁጥር ታያላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ዓላማውን ግልጽ አድርጉ። ፓይ 3.14159 ብሎ እንደሚቀጥል የታወቀ ነው፣ እናንተ እንድታገኙት የሚጠብቅ የለም። ከእናንተ የሚጠበቀው በእጃችሁ ባለው መሣሪያ ምን ያህል መጠጋት እንደሚቻል ማሳየትና ውጤታችሁ እስከ ስንት ሊሳሳት እንደሚችል በቁጥር መናገር ነው።

ደረጃ 1፦ የሚለኩትን ነገሮች ምረጡ

1. ከ6 እስከ 8 ክብ ነገሮች አዘጋጁ። ትንሹ ዳያሜትሩ ከ2 እስከ 3 ሳ.ሜ. ይሁን፣ ትልቁ 20 ሳ.ሜ. ወይም ከዚያ በላይ። የቧንቧ ቁራጭ፣ ጣሳ፣ የማሰሮ ክዳን፣ የፕላስተር ጥቅል፣ ጠፍጣፋ ሳህን፣ የብስክሌት ጎማ ቸርኬ ይሆናሉ።

2. መጠናቸውን አሰራጩ። አምስት ተመሳሳይ ጣሳ መለካት አንድ ጣሳ አምስት ጊዜ ከመለካት ብዙም አይለይም፤ ግራፉ ላይ ሁሉም ነጥቦች አንድ ቦታ ይከመራሉ፣ በእነሱ መሃል የፈለጋችሁትን መስመር ማስመር ትችላላችሁ።

3. ትልልቆቹን አትዝለሉ። በሚሊሜትር በተከፈለ ማስመሪያ ሁለቱን ጫፎች ስታነቡ በድምሩ እስከ 1 ሚ.ሜ. ልትሳሳቱ ትችላላችሁ። 20 ሚ.ሜ. ስፋት ባለው ነገር ላይ ይህ 5 በመቶ ነው፤ የፓይን ዋጋ በ0.16 ያህል ያናጋዋል። 200 ሚ.ሜ. ስፋት ባለው ነገር ላይ ግን ያው 1 ሚ.ሜ. ግማሽ በመቶ ብቻ ይሆናል፣ ፓይ ላይ የሚያመጣውም ልዩነት 0.016 ገደማ ነው። ማስመሪያው አልተለወጠም፣ እጃችሁም አልተለወጠም፤ የነገሩ ትልቅነት ብቻውን ስህተቱን በአሥር እጥፍ ቀነሰው።

የማይሆኑ ነገሮች

ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠብ ኩባያ ወይም ባልዲ አትውሰዱ። ዙሪያውን አንድ ከፍታ ላይ፣ ዳያሜትሩን ሌላ ከፍታ ላይ መለካታችሁ አይቀርም። ሲጫኑት የሚለጠጥ የላስቲክ ነገርም ይቅር፤ በክር ሲታሰር ይጠባል፣ በማስመሪያ ሲለካ ይሰፋል። ኳስም ያስቸግራል፤ ትልቁ ዙሪያው የቱ ጋ እንደሆነ በዓይን መለየት ከባድ ነው።

ጣሳ ጥሩ ነው፤ ግን ተጠንቀቁ። አፉ ላይ ያለው የታጠፈ ከንፈር ከወገቡ ይሰፋል። ክሩ ወገቡ ላይ ከተጠመጠመ ዳያሜትሩም ወገቡ ላይ ይለካ። የተከፈተ ጣሳ ጠርዝ እጅ ይቆርጣልና ክዳኑ ያልተነሳውን ተጠቀሙ።

ክብነቱን አረጋግጡ

ዳያሜትሩን በሦስት አቅጣጫ ለኩ፣ በእያንዳንዱ ልኬት መሃል ነገሩን 60 ዲግሪ ገደማ እያዞራችሁ። ሦስቱ ንባቦች ትንሽ ከተለያዩ አማካያቸውን ውሰዱ፤ በትንሹ ለተጨፈለቀ ክብ ይህ በቂ ነው። ልዩነቱ ከዳያሜትሩ 2 በመቶ ካለፈ ግን ነገሩን ወደ ጎን አድርጉትና ሌላ ፈልጉ።

ደረጃ 2፦ መሣሪያዎቹን ፈትሹ

የሚያስፈልጋችሁ፦ ከብረት ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ 30 ሳ.ሜ. ማስመሪያ (ከተገኘ 1 ሜትር)፣ ካለ ካሊፐር (ነገሩን በሁለት መንጋጋዎች መካከል ይዞ ስፋቱን የሚለካ መሣሪያ)፣ የማይለጠጥ ቀጭን ክር፣ ቀጭን ወረቀት፣ ስፒል፣ ስል እርሳስ፣ ሁለት ጠርዛቸው ቀጥ ያለ የእንጨት ቁራጮች፣ ሚሊሜትር ወረቀት።

1. የማስመሪያውን ዜሮ እዩ። በብዙ ማስመሪያዎች ላይ ጫፉ ተበልቷል፣ ወይም ዜሮው ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ ነው የሚጀምረው። ከ10 ሳ.ሜ. ምልክት ጀምራችሁ ለኩና በኋላ 10 ቀንሱ። መቀነሱን እንዳትረሱ ሠንጠረዡ ላይ ሁለቱንም ንባቦች ጻፉ።

2. ካሊፐሩን ያለ ምንም ነገር ዝጉት። ዜሮ ካላሳየ ያሳየውን መዝግቡ። ተዘግቶ 0.3 ሚ.ሜ. የሚያሳይ ከሆነ ከእያንዳንዱ ንባብ 0.3 ይቀነሳል።

3. የልብስ ስፌት ሜትር የምትጠቀሙ ከሆነ ከብረቱ ማስመሪያ ጎን አስተኙትና 30 ሳ.ሜ. ላይ መገጣጠማቸውን እዩ። የቆየ የጨርቅ ሜትር ይለጠጣል።

4. የሚቻል ሲሆን ዙሪያውንም ዳያሜትሩንም በአንድ ማስመሪያ ለኩ። የምትፈልጉት የሁለት ርዝመቶች ንጽጽር ነው፤ ማስመሪያው በሙሉ በአንድ መጠን ቢሳሳት እንኳ ስህተቱ በማካፈሉ ጊዜ ይጠፋል። ሁለት የማይስማሙ ማስመሪያዎችን ስትቀላቅሉ ግን ስህተቱ በቀጥታ ውጤቱ ውስጥ ይገባል። ካሊፐርና ማስመሪያ አብረው የሚሠሩ ከሆነ በካሊፐሩ የተለካ አንድ ነገር በማስመሪያውም ለክታችሁ አስማሙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የዛፍ ግንድ ስፋት ለመለካት የተሠራ ሜትር አለ፤ ዙሪያው ላይ ይጠመጠማል፣ የሚያነበው ግን ዳያሜትር ነው። ምልክቶቹ ከመጀመሪያውኑ በፓይ ተካፍለው የታተሙ ናቸው። በእሱ ፓይን መፈለግ መልሱን ከመሣሪያው ላይ መቅዳት ነው። በተመሳሳይ ምክንያት ዳያሜትሩን ከዙሪያው አስልቶ ማውጣት ፈጽሞ አይፈቀድም።

ሠንጠረዡን አሁኑኑ አዘጋጁ

ልኬት ከጀመራችሁ በኋላ በቁራጭ ወረቀት ላይ መጻፍ ንባቦችን ያጠፋል። ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ የነገሩ ስም፣ ዳያሜትር (ሦስት ንባቦች)፣ አማካይ ዳያሜትር፣ የዙሪያ ልኬት ዘዴ፣ ዙሪያ (ሦስት ንባቦች)፣ አማካይ ዙሪያ፣ ማስታወሻ። በእስክሪብቶ ጻፉ። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዙ እንጂ አትፋቁት፤ የተሰረዘው ንባብ ቆይቶ ትክክለኛው ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ዳያሜትሩን ለኩ

ዙሪያውን ሁሉም ሰው ተጨንቆ ይለካዋል፣ ዳያሜትሩን ግን በግምት ማስመሪያ አጋድሞ ያነበዋል። ችግሩ ያለው እዚህ ነው።

ማስመሪያው በትክክል በመሃል ካላለፈ የለካችሁት ዳያሜትር ሳይሆን ከእሱ የሚያጥር መስመር ነው። ዳያሜትሩ 100 ሚ.ሜ. የሆነ ክብ ውሰዱ። ማስመሪያው ከመሃሉ 5 ሚ.ሜ. ቢርቅ 99.5 ሚ.ሜ. ታነባላችሁ። 10 ሚ.ሜ. ቢርቅ 98.0 ሚ.ሜ.። በዚህ ሁለተኛው ንባብ የሚወጣው ፓይ 3.21 ገደማ ነው። ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ ማነስ ስለሚሄድ ፓይ ሁልጊዜ ከፍ ይላል። ደጋግሞ መለካትና አማካይ መውሰድ አያድነውም፤ አሥር ያነሱ ንባቦች አማካይም ያነሰ ነው።

ካሊፐር ካላችሁ

1. መንጋጋዎቹን ከነገሩ በላይ ክፈቱ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ዝጉ።
2. ነገሩን በመንጋጋዎቹ መካከል ወዲያ ወዲህ አወዛውዙት። በጣም ሰፊው ቦታ ላይ ሲደርስ ይይዛል፤ እዚያ አንብቡ።
3. ካሊፐሩ ወደ ላይም ወደ ታችም እንዳያዘነብል። ነገሩ እስኪጎብጥ አትጫኑ።

ካሊፐር ከሌላችሁ

1. ነገሩን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ።
2. ሁለቱን የእንጨት ቁራጮች ግራና ቀኝ አስጠጉ፣ ነገሩን እስኪነኩ ድረስ።
3. እንጨቶቹ ትይዩ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ከነገሩ በፊት በኩልም ከኋላ በኩልም ለኩ። ሁለቱ ካልተስማሙ እንጨቶቹ ተጣመዋል፣ አስተካክሉና እንደገና ጀምሩ።
4. በእንጨቶቹ መካከል ያለው ርቀት ዳያሜትሩ ነው።

ለእንጨቶቹ በጣም ትልቅ የሆነ ክዳን ወይም ጎማ ሲሆን የማስመሪያውን አንድ ምልክት ጠርዙ ላይ በጣት ያዙትና ሌላውን ጫፍ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ንባቡ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ከዚያ መቀነስ ይጀምራል። ትልቁ ንባብ ዳያሜትሩ ነው። መሃሉን መፈለግ አያስፈልጋችሁም፣ ትልቁን ቁጥር ብቻ ፈልጉ።

ዓይናችሁ ከምልክቱ በቀጥታ በላይ ይሁን። ከጎን የሚያይ ሰው ምልክቱን ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ያየዋል፤ ማስመሪያው ወፍራም ሲሆን ይህ ስህተት ይብሳል። ማስመሪያውን በጠርዙ አቁሙት፣ ምልክቶቹ የሚለካውን ነገር ራሱን እንዲነኩ።

ደረጃ 4፦ ዙሪያውን ለኩ

ሦስት ዘዴዎች አሉ። ምርጫው በነገሩ መጠን ይወሰናል። እኔ ከሁሉም የወረቀቱን እመርጣለሁ፤ ርካሽ ነው፣ አይለጠጥም፣ ስህተቱም ትንሽ ነው።

ዘዴ ሀ፦ የወረቀት ጥብጣብ

1. ከቀጭን ወረቀት 1 ሳ.ሜ. የሚሰፋ ጥብጣብ ቁረጡ፣ ከነገሩ ዙሪያ 3 ሳ.ሜ. ያህል የሚረዝም። ለትልልቆቹ ሁለት ጥብጣቦችን በማጣበቂያ ቀጥሉ።
2. ነገሩ ላይ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። ጫፎቹ ይደራረቡ።
3. የጥብጣቡ ሁለት ጠርዞች በተደራረቡበት ቦታ በትክክል መገጣጠማቸውን እዩ። ካልገጠሙ ጥብጣቡ ተጣሟል፣ ፍቱና እንደገና ጠቅልሉ።
4. የተደራረበውን ቦታ በስፒል ውጉ፣ ሁለቱም ድርብ እንዲበሳ። ጣታችሁን ከስፒሉ አቅጣጫ አርቁ።
5. ፍቱት፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ።

የተለመደ ወረቀት 0.1 ሚ.ሜ. ገደማ ይወፍራል። ይህ ዙሪያው ላይ 0.3 ሚ.ሜ. ያህል ብቻ ይጨምራል፤ ማስመሪያችሁ አይለየውም።

ዘዴ ለ፦ ክር ደጋግሞ መጠምጠም

ለትንንሾቹ ጥሩ ነው። አንድ ዙር ብቻ ለክታችሁ 1 ሚ.ሜ. ብትሳሳቱ ሙሉ 1 ሚ.ሜ. ነው፤ 10 ዙር ጠምጥማችሁ ብትሳሳቱ ግን ለአንዱ ዙር የሚደርሰው 0.1 ሚ.ሜ. ነው።

1. ክሩ ላይ መነሻውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ።
2. 10 ዙር ጠምጥሙ። ዙሮቹ ጎን ለጎን ይተኙ፣ አንዱ በሌላው ላይ አይውጣ።
3. አሥረኛው ዙር መነሻው ጋ ሲደርስ ሁለተኛ ምልክት አድርጉ።
4. ፍቱት፣ ሲጠመጠም በነበረው ያህል ብቻ ወጥራችሁ ለኩት፣ ለ10 አካፍሉ።

ቆጠራው ላይ ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ይጠምጥም፣ ሌላው ጮክ ብሎ ይቁጠር። ናይለን ክርና የሹራብ ክር አይሆኑም፣ ይለጠጣሉ።

ዙሮቹ ትንሽ ስለተጋደሙ አትጨነቁ። ዙሪያው 94 ሚ.ሜ. ሆኖ ክሩ በአንድ ዙር 2 ሚ.ሜ. ወደ ጎን ቢሄድ ርዝመቱ የሚጨምረው 0.02 ሚ.ሜ. ነው። የሚያስጨንቀው ውፍረቱ ነው። ክር ሲጠመጠም ርዝመቱ የሚለካው በክሩ እምብርት በኩል ነው፤ ስለዚህ የለካችሁት የነገሩን ዙሪያ ሳይሆን ዳያሜትሩ በአንድ የክር ውፍረት የጨመረ ክብ ዙሪያ ነው። 2 ሚ.ሜ. የሚወፍር ሲባጎ 30 ሚ.ሜ. ዳያሜትር ባለው ቧንቧ ላይ ብትጠመጥሙ 94.2 ሳይሆን 100.5 ሚ.ሜ. ታገኛላችሁ፣ ሲካፈልም 3.35 ይወጣል። ብዙዎቹ 3.3 የሚሉ ሪፖርቶች ከዚህ የመጡ ናቸው።

የክሩን ውፍረት ለማወቅ እርሳስ ላይ 20 ዙር አጠጋግታችሁ ጠምጥሙ፣ የተጠመጠመውን ስፋት ለኩ፣ ለ20 አካፍሉ። ከዚያ ስታሰሉ በዳያሜትሩ ፋንታ «ዳያሜትር ሲደመር የክር ውፍረት» ተጠቀሙ። ካልፈለጋችሁ ለሁሉም ነገሮች አንድ ዓይነት ክር ተጠቅማችሁ ለግራፉ ተዉት፤ ግራፉ ራሱ ለይቶ ያወጣዋል።

ዘዴ ሐ፦ ማንከባለል

ለትልልቆቹ፣ ለጎማ ቸርኬና ለሰፊ ክዳን።

1. ጠርዙ ላይ ቀጭን ምልክት አድርጉ።
2. ሸካራ ወለል ላይ ረጅም ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፣ ወይም ሜትር ዘርጉ። የሚያንሸራትት ጠረጴዛ አይሆንም።
3. ምልክቱ ወለሉን በነካበት ቦታ መነሻ ጻፉ።
4. በመስመሩ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ 3 ዙር አንከባልሉ፣ በዝግታ። ምልክቱ ከመነሻው በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ወለሉን ሲነካ መድረሻውን ጻፉ።
5. ርቀቱን ለ3 አካፍሉ።

ነገሩ ከተንሸራተተ ልኬቱ ሞቷል፣ ከመነሻው ጀምሩ። ይህን የምታውቁት ደጋግማችሁ ስትለኩ ነው፤ ሦስቱ ንባቦች በ3 ወይም 4 ሚ.ሜ. ከተለያዩ ወይ ይንሸራተታል ወይ መስመሩን ይስታል። አየር የተነፋ ጎማ ሲጫኑት ከታች ይጨፈለቃል፤ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ሳይጫን ከተለካው ዳያሜትር ከሚጠበቀው ያንሳል። ጎማውን አውልቃችሁ ቸርኬውን ብቻ ተጠቀሙ።

ደረጃ 5፦ ደግማችሁ ለኩ፣ ከዚያ ፈትሹ

እያንዳንዱን ዙሪያ ሦስት ጊዜ ለኩ፤ በየጊዜው ፈታችሁ እንደገና ጠቅልሉ። የተጠቀለለውን ሳይፈቱ ሦስት ጊዜ ማንበብ አንድ ልኬት ነው። ለኪው ይቀያየር፣ አዲሱ ለኪ የቀድሞውን ቁጥር አይይ። የሚጠበቀውን ቁጥር ያወቀ ዓይን ወደዚያው ያነባል፣ ተንኮል ሳይኖርበት እንኳ።

ዕቃውን ከመሰብሰባችሁ በፊት እያንዳንዱን ረድፍ በፍጥነት አካፍሉ። ይህ ትልልቅ ስህተት ለመያዝ ብቻ ነው።

6.3 አካባቢ ከወጣ በዳያሜትር ፋንታ ሬዲየስ (የዳያሜትሩን ግማሽ) ነው የጻፋችሁት። 3.5 አካባቢ ከሆነና 10 ዙር ጠምጥማችሁ ከነበረ 9 ብላችሁ ቆጥራችኋል። 2.8 አካባቢ ከሆነ በተቃራኒው 9 ጠምጥማችሁ 10 ብላችኋል። 31 ወይም 0.31 ካያችሁ ሚሊሜትርና ሳንቲሜትር ተቀላቅሏል። ከ3.2 እስከ 3.4 ከሆነና ነገሩ ወፍራም ግድግዳ ያለው ቧንቧ ከሆነ የውስጡን ዳያሜትር ከውጭው ዙሪያ ጋር አካፍላችሁ ይሆናል።

ከእነዚህ አንዱ ከሆነ እንደገና ለኩ። 3.20 ወጣ ብላችሁ ግን ረድፉን አትጣሉ። 3.14 ስላልሆነ ብቻ የሚጣል ንባብ የለም።

ደረጃ 6፦ ግራፉን ሥሩ

የሚከተለው ለማሳያ ያዘጋጀሁት ነው፤ 1.5 ሚ.ሜ. የሚወፍር ሲባጎ የተጠቀመ ቡድን የሚያገኘው ዓይነት ውጤት። ሁሉም በሚሊሜትር ነው።

ዳያሜትር 25፣ ዙሪያ 83፣ ሲካፈል 3.32
ዳያሜትር 50፣ ዙሪያ 162፣ ሲካፈል 3.24
ዳያሜትር 75፣ ዙሪያ 240፣ ሲካፈል 3.20
ዳያሜትር 120፣ ዙሪያ 382፣ ሲካፈል 3.18
ዳያሜትር 200፣ ዙሪያ 633፣ ሲካፈል 3.17

የመጨረሻው ዓምድ አማካይ 3.22 ነው። ቡድኑ ይህን ጽፎ ቢያስገባ በጥንቃቄ የለካው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ግን ዓምዱን ከላይ ወደ ታች አንብቡት፤ ነገሩ እየተለቀ በሄደ ቁጥር ቁጥሩ ይወርዳል። እንደ አጋጣሚ የሚዋዥቅ ስህተት እንዲህ በሥርዓት አይወርድም። በእያንዳንዱ ዙሪያ ላይ እኩል የተጨመረ አንድ ነገር አለ፤ ትንሹን ብዙ ይጎዳዋል፣ ትልቁን ጥቂት።

1. አግድሙን ዘንግ ለዳያሜትር፣ ቋሚውን ለዙሪያ አድርጉ። ሁለቱም ከዜሮ ይጀምሩ። በዚህ ምሳሌ አግድሙ እስከ 220፣ ቋሚው እስከ 700 ቢሄድ ወረቀቱን ይሞላል።
2. ነጥቦቹን በትንንሽ መስቀል ምልክት አስቀምጡ፣ በወፍራም ነጠብጣብ አይደለም።
3. ግልጽ ማስመሪያ ወስዳችሁ ለሁሉም ነጥቦች የሚቀርብ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፤ ከመስመሩ በላይና በታች የሚቀሩት ነጥቦች ይመጣጠኑ።
4. መስመሩን በዜሮ በኩል እንዲያልፍ አታስገድዱ። ብዙዎች «ዳያሜትሩ ዜሮ ከሆነ ዙሪያውም ዜሮ ነው» ብለው ይጎትቱታል። ለክቡ እውነት ነው፣ ክር ለተጠመጠመበት ልኬት ግን አይደለም።
5. መስመሩ ላይ የተራራቁ ሁለት ነጥቦች ምረጡ። የዙሪያዎቹን ልዩነት ለዳያሜትሮቹ ልዩነት አካፍሉ። ይህ የመስመሩ ስሎፕ ነው፣ ፓያችሁም እሱ ነው።

በምሳሌው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነጥብ መስመሩ ላይ ስለሚወድቁ በእነሱ ማስላት ይቻላል፦ (633 − 83) ÷ (200 − 25) = 550 ÷ 175 = 3.14።

ያው ሲባጎ፣ ያው ልኬት፣ ግን 3.22 የነበረው 3.14 ሆነ። እኩል የተጨመረው ነገር መስመሩን በሙሉ ወደ ላይ ያነሳዋል እንጂ ስሎፑን አይነካውም። መስመሩ ቋሚውን ዘንግ የሚቆርጥበትን ቦታ ብታነቡ 4.4 ሚ.ሜ. ገደማ ነው፤ ለ3.14 ስታካፍሉት 1.4 ሚ.ሜ. ይሆናል። የሲባጎው ውፍረት ራሱ ከግራፉ ወጣ ማለት ነው። በዚህ ሙከራ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደስተኝ ክፍል ይህ ነው።

ይህ የሚሠራው ሁሉንም በአንድ ክር ከለካችሁ ነው። ትንንሾቹን በክር፣ ትልልቆቹን በማንከባለል ከለካችሁ የተጨመረው ነገር እኩል አይሆንም። እንደዚያ ከሆነ በክር የተለኩትን ብቻ አስቀድማችሁ አርሙ፤ በእያንዳንዳቸው ዳያሜትር ላይ የክሩን ውፍረት ደምሩና ከዚያ ግራፉ ላይ አስቀምጡ።

ግራፉ እንግዳ ሲሆን

መስመሩ ቋሚውን ዘንግ ከዜሮ በታች ከቆረጠው ዙሪያው አንሷል ወይም ዳያሜትሩ በዝቷል። የካሊፐሩን ዜሮ እዩ።

አንድ ነጥብ ብቻ ርቆ ከወጣ ያንን ነገር መልሳችሁ ለኩ። ሁለተኛውም ልኬት እዚያው ካስቀመጠው ነገሩ ክብ ላይሆን ይችላል፤ ግራፉ ላይ ተዉት፣ ክበቡት፣ ምክንያቱን ከጎኑ ጻፉ።

ነጥቦቹ ቆንጆ መስመር ሠርተው ስሎፑ ግን 3.0 ወይም 3.3 ከሆነ ከሁለቱ ማስመሪያዎች አንዱ ይዋሻል፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ደረጃ 7፦ የስህተት ወሰኑን አውጡ

1. በነጥቦቹ መካከል ሊያልፍ የሚችለውን በጣም ቀጥ ብሎ የቆመ መስመርና በጣም የተጋደመ መስመር አስምሩ።
2. የሁለቱንም ስሎፕ አስሉ።
3. ከመካከላቸው ያለውን ልዩነት ለ2 አካፍሉ። ይህ የስህተት ወሰናችሁ ነው።

በምሳሌው የዙሪያዎቹ ልዩነት በ2 ሚ.ሜ.፣ የዳያሜትሮቹ ልዩነት በ1 ሚ.ሜ. ሊሳሳት ይችላል ብንል ትልቁ ስሎፕ 552 ÷ 174 = 3.17፣ ትንሹ 548 ÷ 176 = 3.11 ይሆናል። ውጤቱ 3.14 ± 0.03 ተብሎ ይጻፋል።

ካልኩሌተሩ 3.142857 ቢያሳይም እንዳለ አትቅዱት። ሁለተኛው የአስርዮሽ ቤት ላይ የሚያጠራጥር ልኬት አምስተኛውንና ስድስተኛውን ሊያውቅ አይችልም። አስተማሪ ሪፖርት ሲያርም መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው።

በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ

ጊዜ ከተረፈና ሚዛን ካለ ከአንድ ካርቶን ሬዲየሱ 10 ሳ.ሜ. የሆነ ክብ እና ጎኑ 10 ሳ.ሜ. የሆነ ካሬ ቁረጡ። የክቡ ክብደት ለካሬው ክብደት ሲካፈል ፓይን ይሰጣል፤ ውፍረቱ አንድ ስለሆነ ክብደት በስፋት ይሄዳል። ቀጭን ካርቶን አይሆንም። በካሬ ሜትር 250 ግራም በሚመዝን ካርድ ካሬው 2.5 ግራም ብቻ ይሆናል፣ እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛንም በዚህ ላይ በ4 በመቶ ያወላውላል። ወፍራም ካርቶን ፈልጉ፣ ወይም ከየቅርጹ አሥር አሥር ቆርጣችሁ በአንድነት መዝኑ።

ደረጃ 8፦ ሪፖርቱን ጻፉ

ለእያንዳንዱ ነገር የትኛውን ዘዴ እንደተጠቀማችሁ፣ የክሩን ወይም የወረቀቱን ውፍረት፣ የመሣሪያውን ትንሹን ክፍልፋይና የዜሮ ስህተቱን ጻፉ። ስሎፑ የተሰላባቸውን ሁለት ነጥቦች ግራፉ ላይ ምልክት አድርጉባቸው፤ ስሌቱ ደረጃ በደረጃ ይታይ።

3.14159 ከወሰናችሁ ውስጥ ከገባ ያንኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ካልገባ ቁጥሩን አትነካኩት። «የሰው ስህተት ነው» የሚለው ምንም አይናገርም፤ የምትጠረጥሩትን አንድ ምክንያት በስሙ ጥሩ፣ ውጤቱን ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች እንደሚገፋው ግለጹ፣ በስንት ሚሊሜትር ያህል እንደሆነ ገምቱ። ዳያሜትሩ ከመሃል ስቶ ነው ካላችሁ ፓይ ከፍ ማለት አለበት፤ የእናንተ ፓይ ዝቅ ብሎ ከሆነ ምክንያቱ ያ አይደለም፣ ሌላ ፈልጉ። ስርዝ ድልዝ ያለበትን የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ሳትገለብጡ እንዳለ ከሪፖርቱ ጋር አያይዙ።